ስኮርታ ያሉት ጊታሪስት

ባሌ ከሞተ በኋላ ጊታሩን ከዘፈኖቹ ውስጥ ሊያወጡት ፈለጉ። አልፈቀድኩም። ይህን የምጽፈው እንዴት እንዳልፈቀድኩ ለመናገር ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንድ አረፍተ ነገር ጽፌ የምነሳበት ቀን አለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ግሎ ይጠብቀኛል። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ላቤ ወረቀቱን እንዳያረጥበው ክንዴን በፎጣ እጠቀልላለሁ፣ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።

ባሌ እዚህ ጋምቤላ ከተማ፣ ራሱን የሮክ ባንድ ብሎ በሚጠራ አንድ ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር ይጫወት ነበር። የመጀመሪያው ጊታሪስት አልነበረም። የመጀመሪያው ጥሏቸው አዲስ አበባ ሲሄድ በእሱ ቦታ የገባ ነው። ስለዚህ «ስኮርታ» ብለው አወጡለት። መኪና ጎማው ሲፈነዳ ከኋላ ወርዶ የሚገጠመው ትርፍ ጎማ ማለታቸው ነው። ሲስቁበት አብሮ ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር።

«አንቺ ደግሞ ምን ያናድድሻል፣» ይለኝ ነበር። «የዚህ አገር መኪና ሁሉ የሚሄደው በስኮርታ አይደለም እንዴ?»

ሁለታችንም ከደጋ ተመድበን የመጣን ነን። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ፤ እሱ የውሃ ፓምፕ ይጠግን ነበር። ጊታር የተማረው በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለ ነው። እዚህ ከመጣን በኋላ በአቦቦ ሰፋሪዎች ሠርግ ላይ ይጫወት ጀመር፤ ወሬው ባንዱ ጆሮ የደረሰው ከዚያ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ጠዋት የባንዱ ድምጻዊ በራችን ላይ ቆመ። ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር የአኙዋ ልጅ ነው፤ ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ባሌ ቢሮ ነበር።

«ቲቸር፣ ባልህ ጊታር ይመታል አሉ፣» አለኝ። አማርኛን ከሌላ ቋንቋ በኋላ እንደተማሩ ብዙ የከተማችን ሰዎች፣ እሱም ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የሚለው። የአማርኛ መምህርት ሆኜ አንድም ቀን አላረምኩትም።

«ይመታል።»

«በደንብ?»

«ለሠርግ ይበቃል።»

«እኛ ከሠርግ እንበልጣለን፣» አለና ትንሽ አሰበ። «ብዙ አይደለም ግን።»

ለመጪው በዓል ባሮ ወንዝ ዳር ባለው ሆቴል እንደሚጫወቱ ተለጥፎ ነበር፤ ጊታሪስት ግን አልነበራቸውም። ዘፈኖቻቸው የተቀዱበትን አንድ ካሴት ሰጠኝና ባልህ አጥንቶ ይምጣ አለ። ችግሩ ባሌ በማግስቱ ወደ ጎግ ለፓምፕ ሥራ መውጣቱ ነበር። ካሴቱን፣ ጊታሩን እና የቤታችንን ትንሽ ቴፕ ይዞ ሄደ።

በጎግ በዚያ ጊዜ መብራት አልነበረም። ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዮቹ ደግሞ በመጀመሪያው ምሽት ደከሙ። አዲስ የሚሸጥ ሱቅ አላገኘም። ከዚያ ሁላችንም ልጅ ሆነን ስናደርግ የኖርነውን አደረገ። ድንጋዮቹን አውጥቶ የፓምፑ ቤት ሲሚንቶ ላይ ፀሐይ አሰጣቸው፣ አንዳንዱንም በጥርሱ ነከሰው። ፀሐይ የጠገበ ድንጋይ ነፍስ ይዘራል፤ እንደ አዲስ ግን አይሆንም። ቴፑ ዞረ፣ ቀስ ብሎ ዞረ። ዘፈኑ ተጎተተ፣ ድምጹም ወፈረ። ባሌ ባንዱን ሰምቶት አያውቅም፤ ድምጻዊውንም አላገኘውም። ዘፈኖቹ እንዲህ ናቸው ብሎ ጊታሩን በዚያው በወፈረው ድምጽ ልክ ቃኘ። ሥራው ሲያልቅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሁሉንም አንድ በአንድ አጠናቸው።

የበዓሉ ዋዜማ ከመኪና ወርዶ በቀጥታ ወደ ልምምድ ሄደ። እኔም ምሳውን ይዤ ተከተልኩት፣ ስለዚህ በዓይኔ ያየሁት ነው። ከበሮው ጀመረ፣ ኪቦርዱ ገባ፣ ባሌ ገባ። ሁለት የተለያዩ ባንዶች በአንድ ክፍል ውስጥ የተጣሉ መሰለ። ሁሉም አቆሙ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና አቆሙ። ከበሮ መቺው፣ ጎበዝ ቀልደኛ የኑዌር ልጅ፣ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ባሌን ተመለከተው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ስኮርታ ነፋስ የለውም፣» አለ።

ስሙ የወጣው ያኔ ነው። የድንጋዮቹን ነገር ሲነግራቸው ደግሞ የባሰ ሳቁ፤ ቤዝ ጊታሪስቱ ከሳቁ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጠ። ግን ጊዜ አልነበረም። ባሌ ሁሉንም በአንድ ሌሊት እንደገና ሊያጠና አይችልም። ስለዚህ እነሱ ወደ እሱ ወረዱ። ቤዙ ክሩን አላላ፣ ኪቦርዱ በአንድ ቁልፍ ዝቅ አለ፣ ከበሮው እርምጃውን ቀነሰ። ድምጻዊው የአንገቱ ደም ሥር ሳይገተር ዘፈነ። ሲጨርስ ውሃ ጠጣና «እንድገመው» አለ።

በበዓሉ ቀን ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ከፊት የተቀመጡ ወጣቶች «የድሮውን አምጡት» እያሉ ይጮሁ ነበር። አንዱ የውሃ ፕላስቲክ ወረወረበት፤ ደረቱን መታው። ባሌ ብቻውን የሚመታውን ሶሎ ጨረሰ፣ ጎንበስ ብሎ ፕላስቲኩን አነሳ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ጠጣው። ከዚያ የሚቀጥለውን ዘፈን ጀመረ። ሁሉም ሴት ባሏን የምታውቅበት ነገር አላት፤ የእኔ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ በሰላም ኖረ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ አባረውታል። አንዴ ከጁባ አንድ ጊታሪስት መጣ፤ በእግሩ የሚረግጣቸው ድምጽ የሚለዋውጡ ሳጥኖች ነበሩት። ባሌን «ትንሽ ዕረፍት ውሰድ» አሉት። ዕረፍቱን ወሰደ፤ ፓምፑን እየጠገነ፣ ማታ ማታ ሳይሰካ እየተለማመደ። ሰውዬው ሳጥኖቹን ጠቅልሎ ሲሄድ ድምጻዊው እንደገና በራችን ላይ ቆመ። «ቲቸር፣ ስኮርታችን አለ?» አለኝ። «የለም፣» አልኩት፣ ባሌ ከኋላዬ ጊታሩን እያነሳ ሳለ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከተማው ታመመ። በጠብ ምክንያት ሰፈር ከሰፈር የማይሻገርበት፣ በጊዜ በር የሚዘጋበት ወራት ነበር። ልምምድ ቀረ። የድምጻዊው ዘመዶች፣ የራሳችን ልጅ መምታት ሲችል ለምን ደገኛ ትይዛላችሁ አሉ። በእኛም በኩል ያሉት ዝም አላሉም። የባሌ የሥራ ባልደረቦች «አንተ ሰው፣ ቤት ንብረት ያለህ ሰው፣ ከእነሱ ጋር ምን ትሠራለህ?» ይሉት ነበር። ሁለቱም ወገን ተው አለው። ነገሩ ትንሽ ሲረግብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጊታሩን ከሽፋኑ አውጥቶ ጀርባው ላይ አድርጎ በእግሩ ወደ ድምጻዊው ሰፈር ተሻገረ። ከሽፋኑ ለምን አወጣኸው አልኩት። «ምን እንደያዝኩ ይዩት ብዬ ነው፣» አለኝ። እኔ በረንዳው ላይ እስኪመለስ ቆሜ ቀረሁ። ሲመለስ ከበሮ መቺውም አብሮት ነበር።

እንዲህ ሲወጣ ሲገባ ዘፈኖቹ በእሱ ቅኝት ረጉ። ከዕለታት አንድ ቀን ከትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ከፓምፕ ሥራ ተመልሶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀምጦ ለብቻው ይስቃል። ቦኖው ዘንድ ጄሪካን ይዘው የተሰለፉ ልጃገረዶች የባንዱን ዘፈን እየዘፈኑ ደርሶባቸው ነበር። ቀስ ባለው እርምጃ፣ በዝቅተኛው ድምጽ። ዘፈኑን ብቻ አይደለም። «ሶሎዬን በአፋቸው ይሉታል፣» አለኝ። «እኔ የምስታትን ቦታ ሳይቀር ያውቁታል።»

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዘፈኖቹን በኮምፒዩተር ለመቅዳት ተስማሙ። ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ግድግዳ በአሮጌ ፍራሽ ሸፈኑ። ማራገቢያው ስለሚሰማ ሲቀዱ ይጠፋል፤ ከዚያች ክፍል የሚወጣ ሰው ባሮ ውስጥ ገብቶ የወጣ ይመስል ነበር። ባሌ ጊታሩን ሁሉ ቀድቶ ጨረሰ። ቤዙና ከበሮውም አለቀ። የድምጻዊው ድርሻ ሙቀቱ እስኪቀንስ ይቆይ ተባለ። ሙቀቱ ሳይቀንስ ባሌ ታመመ። ጉበቱ ነው አሉን፣ ወደ ጅማ ሪፈር ተጻፈልን፤ ይዤው ሄድኩ፣ አስከሬኑን ይዤ ተመለስኩ። ዘመዶቹ ወደ ትውልድ አገሩ እንውሰደው አሉ። የኖረው እዚህ ነው ብዬ እዚሁ ቀበርኩት።

አርባው ሳይወጣ ያችን ክፍል ከፍቼ የቀዳውን መስማት ጀመርኩ። በእኛ ዘንድ በሐዘን ቤት ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም፤ አውቃለሁ። ጎረቤቴ፣ እናቴ ልትሆን የምትችል ሴት፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ምን ይላል? አርባው ሳይወጣ ሙዚቃ?»

«ሙዚቃ አይደለም፣ እትዬ። እሱ ነው።»

በሩ ላይ ቆማ ትንሽ አዳመጠች። ከመሞቱ በፊትም በጊታሩ ምክንያት እንቅልፍ አጥታ ታውቃለች።

«እሱ ከሆነ እንግዲህ፣» አለች፣ «ትንሽ ቀነስ አድርግ በዪልኝ።» ከዚያ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች።

የመጀመሪያው ጊታሪስት ከአዲስ አበባ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ክፉ ሰው ብዬ ብጽፈው ይቀለኝ ነበር፤ ክፉ አይደለም። መጀመሪያ ለቅሶ ደረሰኝ፣ እንደ ሰው አለቀሰ። በሳምንቱ ከባንዱ ጋር ተመልሶ መጣና ማንጎው ሥር ወንበር ዘርግተን ተቀመጥን። አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ስቱዲዮ አግኝቷል፤ ዘፈኖቹ በሥርዓት ተቀድተው ይወጣሉ። ግን መጀመሪያ እንደነበሩት ነው የሚቀዱት፣ ከፍ ባለው ድምጽ፣ በፈጠነው እርምጃ። ጊታሩን የሚጫወተው እሱ ነው። የባሌ ይወጣል።

«እህቴ፣» አለኝ፣ «ሶሎዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እሱ የተማራቸው በደከመ ድንጋይ ነው። ራሱ ነው በስልክ እየሳቀ የነገረኝ።»

«ልክ ነው። ነክሶ ነክሶ።»

«እንግዲያው ስህተት ነው።»

«በስህተት ነው የጀመረው፣» አልኩት። «አንተ ስትሄድ እነዚህ ሰዎች ምን ይዘው ቀሩ? ያንን ስህተት። ስንት በዓል የዘፈኑት በእሱ ነው። እዚህ አገር የተዳረ ሙሽራ ሁሉ የጨፈረው በእሱ ነው። አንተ በሌለህበት ያደገ ነገር ነው፤ መጥተህ ልክ አይደለህም ብትለው አይሰማህም።»

ተጫውቶ ሊያሳየኝ ጊታር ጠየቀ። የባሌን ጊታር አውጥቼ ሰጠሁት። ክሮቹን ከፍ አድርጎ ቃኛቸው፤ ሲያጠብቃቸው ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ። ተጫወተ። ድምጻዊውም ቆሞ አብሮት ዘፈነ፤ ሸምግሏል፣ ግን ከፍ ያለው ድምጽ ላይ ደረሰ። አማረ። የሚያምረውን አያምርም ማለት አልችልም። ጣቶቹ ከባሌ ጣቶች የፈጠኑ ነበሩ፤ ዘፈኑ ጫማ እንዳደረገ ሰው ተራመደ። ሲጨርሱ ሁሉም እኔን ተመለከቱ፤ የሚጠብቁት እጅ እንድሰጥ ነበር።

«ጥሩ ነው፣» አልኩ። «አሁንም አይሆንም።»

ኪቦርድ የሚጫወተው፣ ሰው ማስታረቅ የሚወድ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ የሆነ ሰው ነው፤ ጣልቃ ገባ። «አንዱን ዘፈን እንደነበረ እናስቀረው፣» አለ። «የእሱ ጊታር ያለበትን። ለመታሰቢያ። ፎቶውም ይወጣል።»

«መታሰቢያ አለው፣» አልኩት። «ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሞለታል። እኔ መታሰቢያ አልጠየቅኩም። ሥራውን ነው የምላችሁ። ወይ ሁሉም ይገባል፣ ወይ አንዱም።»

«አንዱም ካልሽ እኮ፣» አለ የመጀመሪያው ጊታሪስት፣ ለስለስ ብሎ፣ «እኛ ከባዶ እንቀዳዋለን። እሱ የትም አይኖርም።»

«ቅዱት።»

ከበሮ መቺው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያይ ቆየ። «ቲቸር፣ ተናደሃል፣» አለኝ።

«ተናድጃለሁ። የሚያናድድ ነገር ስላለ ነው።»

ሄዱ። በሳምንቱ አዲስ አበባ ገቡ ተባለ። ያን ጊዜ የተሰማኝን መደበቅ አያስፈልግም፤ በራሴ አፍ ያጠፋሁት መሰለኝ። አንዷን ዘፈን ብቀበል ኖሮ ቢያንስ በአንዷ ውስጥ ይኖር ነበር። ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ፍራሾቹ መሃል ስቀመጥ፣ እልህ የሚባለው ነገር ሰውን የሚያሞቀው ሰዎቹ ፊት ለፊት እስካሉ ድረስ ብቻ መሆኑን አየሁ። ግን ፀፀቴ ሌላ ቦታ አላደረሰኝም። ስነሳ ያው ነበርኩ፤ አንድ ዘፈን አይበቃውም።

ኮምፒዩተሩን ለአይሲቲ መምህሩ ባልደረባዬ ወሰድኩት። ባሌ የቀዳውን ሁሉ፣ ከቤዙና ከከበሮው ጋር፣ ወደ ፍላሽ አወረደልኝ። ፍላሹን ይዤ ገበያ ሄድኩ፤ ስልክ የሚጠግን፣ ዘፈን በፍላሽ እየጫነ ለባጃጅ ሹፌሮች የሚሸጥ ሰው ሱቅ ገባሁ። ሰካው፣ አዳመጠ፣ ፊቱን አጨማደደ።

«ማዘር፣ የዘፋኝ ድምጽ የለውም እኮ ይሄ።»

«ዘፈኑን አታውቀውም?»

«ይሄን ማን የማያውቅ አለ።»

«ታዲያ ራስህ ዝፈንበት።»

ሳቀ። አንድ የተሰበረ ስልክ ከፍቶ ሥራውን ቀጠለ፤ ዘፈኑን ግን አላጠፋውም። ሁለተኛው ላይ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ሦስተኛው ላይ ውጭ ቆማ ስልኳ እስኪጠገን የምትጠብቅ ሴት ነበረች፤ እሷ ጮክ ብላ ገባችበት።

«ማን ብዬ ላስገባው?» አለኝ። የባሌን ስም ከነአባቱ ነገርኩት፤ ፊደሉን እያየሁ አስጻፍኩት።

ሌሎቹ ሱቆችም ዞርኩ። አንዳንዱ አልፈልግም አለ፤ ድምጻዊ የሌለው ዘፈን ማን ይገዛል አለኝ። አትሽጠው፣ ዝም ብለህ ጫንላቸው አልኩት። ክረምቱ ሳይገባ ከትምህርት ቤት ስመለስ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ሰማሁት። ሹፌሩ እየነዳ ይዘፍንበት ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ ወርጄ ሒሳብ ሰጠሁት።

ድምጻዊው ከአዲስ አበባ ሲመለስ ወደ ቤቱ ሳይሄድ መጀመሪያ ወደ እኔ መጣ። አልተቀመጠም።

«ቲቸር፣ ዘፈናችንን ሰረቅህ።»

«ዘፈኑ የእናንተ ነው። እኔ ያወጣሁት ጊታሩን ነው።»

«ባጃጅ ውስጥ ሰማሁ። ሹፌሩ ይዘፍንበታል።» ራሱን ነቀነቀ። «በጣም መጥፎ ነው የሚዘፍነው።»

«አንተ አልነበርክማ።»

ወንበሩን ሳብኩለት፣ ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት። የአዲስ አበባው ቀረጻ ቆንጆ ሆኗል አለኝ። ይሆናል፣ ጥሩ ተጫዋች ነው አልኩት። ከዚያ የመጣበትን ነገር ቀስ እያለ አወጣው። የመጀመሪያው ጊታሪስት እዚያው ቀርቷል፤ ኑሮው እዚያ ነው። ለሚመጣው በዓል ሆቴሉ ጠርቷቸዋል። ሰዉ የሚዘፍነው ደግሞ በዝቅተኛው ነው፣ ከፍ ቢያደርጉት የሚከተላቸው የለም። ጊታሪስት የላቸውም።

«ልክ ነው፣» አልኩት። «የላችሁም።»

ላጽናናው አልፈለግኩም። እሱም አልጠበቀም፤ አንድ ልጅ አለ፣ ከአቦቦ፣ እጁ ጥሩ ነው፣ ግን ዘፈኖቹን አያውቅም አለ። ክፍሉን እንድንጠቀም ትፈቅዳለህ ወይ አለኝ።

«ክፍሉ ክፍት ነው። ጊታሩም አለ። ልጁ ግን የሚያጠናው ከዚህ ነው፣» አልኩና ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «ከአዲስ አበባው አይደለም። ከዚህ።»

ፍላሹን አገላብጦ አየው። «እናያለን፣» አለ።

«እናያለን ምንድነው? እሺ በል።»

ውሃውን ጨረሰ። ወደ ክፍሉ በር ተመለከተ፣ ወደ እኔ ተመለከተ።

«እሺ፣ ቲቸር፣» አለ፣ ፍላሹንም በደረት ኪሱ ከተተው።